የጭስ ሒሳብ

ከጥቂት ዓመታት በፊት ለአንድ መጽሔት ዘገባ ልሠራ ወደ አንድ የጨርቃ ጨርቅ ፋብሪካ ሄጄ ነበር። ስሙ ይቅር። የያዝኩት ጥያቄ አጭር ነው፤ «ቦይለራችሁ በዓመት ምን ያህል ከባድ ጥቁር ናፍጣ ያቃጥላል? ከአምናው ጨመረ ወይስ ቀነሰ?» የሕዝብ ግንኙነት ኃላፊው ሻይ አስመጡልኝ፣ መሳቢያቸውን ከፈቱና አንድ እሽግ ፎቶግራፍ አወጡ። ሠራተኞች አንድ ዓይነት ቲሸርትና ኮፍያ አድርገው፣ አካፋ ይዘው፣ ችግኝ ሲተክሉ። «ዘንድሮ ብቻ ዐሥር ሺህ ችግኝ ተክለናል» አሉኝ። ጥያቄዬን ደገምኩት። «እኔስ የመለስኩልህ ምን መሰለህ?» አሉ ቅር ብሏቸው። ከኋላቸው ባለው መስኮት የጭስ ማውጫው ወለል ብሎ ይታያል።

ዘገባው ሳይሠራ ቀረ፤ መልሱ ግን ከጭንቅላቴ አልወጣም። ሰውየው እየዋሹ አልነበረም። ስለ ጭስ ሲጠየቁ ስለ ዛፍ መመለስ ትክክል እንደሆነ ከልባቸው ያምናሉ። መልሱንም እሳቸው አልፈጠሩትም፤ የትውልድ ዘመንና የትውልድ አገር ያለው መልስ ነው። ዛሬ ላወራችሁ የፈለግሁት ስለዚሁ ነው። ኩባንያዎች ስለ ካርቦን ልቀታቸው ሲጠየቁ ባለፉት 35 ምናምን ዓመታት ምን ምን ብለው መለሱ? የትኛው መልስ ጭሱን ቀነሰ? የትኛውስ ፎቶግራፍ ሆኖ ቀረ? ረዘም ስለሚል ሻያችሁን ያዙ። (ዓመቶቹ በሙሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።)

*

የ1988 በጋ ለአሜሪካ ክፉ ነበር። ድርቅና ሙቀት አገሩን አስጨንቆት ሳለ የናሳው ሳይንቲስት ጄምስ ሃንሰን በጁን ወር የሴኔት ኮሚቴ ፊት ቀርቦ ምድር እየሞቀች መሆኗን መሰከረ። ጉዳዩ ከሳይንቲስቶች ክፍል ወጥቶ የጋዜጦች ፊት ገጽ ላይ የዋለው ያኔ ነው።

በዚያው ዓመት አፕላይድ ኢነርጂ ሰርቪስስ የሚባል የቨርጂኒያ ኩባንያ (ኋላ ኤኢኤስ በሚለው አጭር ስሙ የታወቀው) ኮኔቲከት ክፍለ ግዛት ውስጥ አንካስቪል በምትባል ቦታ 180 ሜጋዋት ገደማ የሚያመነጭ የኤሌክትሪክ ጣቢያ ያቋቁም ነበር። ነዳጁ የድንጋይ ከሰል ነው። ከመሥራቾቹ አንዱ ሮጀር ሳንት በ1970ዎቹ በአሜሪካ መንግሥት ውስጥ የኃይል ቁጠባን ሥራ የመራ ሰው ስለነበር ከሰል ማቃጠል ምን ማለት እንደሆነ አልጠፋውም። ጣቢያውን መተው ግን አልተፈለገም። ስለዚህ ኩባንያው ማንም ሕግ ሳያስገድደው አዲስ ነገር አሰበ፤ ጣቢያው በዕድሜው ሙሉ የሚያወጣውን ካርቦን ሌላ ቦታ በሚተከል ዛፍ ማስመጠጥ።

የዋሽንግተኑ የጥናት ተቋም ወርልድ ሪሶርስስ ኢንስቲትዩት አማራጮችን መረመረና ጓቲማላ ተመረጠች። ሥራውን ኬር ያዘው፤ እኛም አገር በድርቅ ዘመን የምናውቀው ያው ኬር። ዕቅዱ በ10 ዓመት ውስጥ 40 ሺህ ከሚሆኑ ገበሬዎች ጋር 52 ሚሊዮን ዛፍ መትከል ነበር። ኩባንያው 2 ሚሊዮን ዶላር ሰጠ፤ ቀሪው ከሌሎች ረጂዎች መጣ። የመጀመሪያው የካርቦን ማካካሻ እየተባለ በታሪክ የሚጠቀሰው ይህ ነው።

ይህን የማነሣው ኩባንያውን ለመስደብ አይደለም። ሌሎቹ ከሰል አቃጣዮች ስለ ነገሩ ማውራት እንኳ በማይፈልጉበት ጊዜ እነሱ ኪሳቸውን ፈቱ። ችግሩ ያለው ሒሳቡ ላይ ነው። የድንጋይ ከሰል ማለት በመቶ ሚሊዮኖች ከሚቆጠሩ ዓመታት በፊት በቅሎ፣ ሞቶ፣ ከመሬት በታች የተቀበረ ደን ነው። ማንም ካልቆፈረው ካርቦኑን ይዞ እዚያው ይኖራል። ከምድር ወጥቶ ከተቃጠለ ደግሞ ካርቦኑ አየር ላይ ለብዙ መቶ ዓመታት ይሰነብታል። ዛፍ ግን አፉ ያልታሰረ ስልቻ ነው። ካርቦን ይስባል፣ እውነት ነው፤ ነገር ግን እሳት ከበላው፣ ምስጥ ከጨረሰው፣ ገበሬው ልጁን ለመዳር ከሸጠው የሳበውን መልሶ ይለቀዋል። የጓቲማላ ገበሬ ደግሞ ዛፍ የሚተክለው ለኮኔቲከት ጭስ ብሎ አይደለም። ለማገዶው፣ ለአጥሩ፣ ለቤቱ ምሰሶ ነው። እንደ እኛው ገበሬ ማለት ነው። ከ10 ዓመት ገደማ በኋላ ግምገማ ሲደረግ የተያዘው ካርቦን ከታሰበው እጅግ ያነሰ ሆኖ ተገኘ።

አንካስቪል ላይ ግን ከሰሉ በየቀኑ ይነድ ነበር። ጣቢያው የተዘጋው በ2011 ነው፤ የዘጋውም ለአየር ንብረት ማሰብ ሳይሆን ኪሳራ ነው።

ሐሳቡ ግን ከጣቢያው በላይ ኖረ። ለምን? ርካሽ ነዋ! እቶን መቀየር፣ ማሽን መለወጥ፣ ኢንጂነር መቅጠር አያስፈልገውም። ገንዘቡ ከፋብሪካው ሳይሆን ከሕዝብ ግንኙነት በጀት ይወጣል። በዚያ ላይ ፎቶ ይወጣል። አህያውን ፈርቶ ዳውላውን እንደሚባለው ነው፤ የጭስ ማውጫው ከባድ ስለሆነ ችግኝ ላይ መበርታት።

*

ሁለተኛው መልስ የመጣው ከኖርዌይ ነው፤ አመጣጡም በፍላጎት አልነበረም። የኖርዌይ መንግሥት በ1991 በካርቦን ልቀት ላይ ግብር ጣለ። ግብሩ ከባሕር ላይ ዘይትና ጋዝ የሚያወጡ ኩባንያዎችንም ይነካል። አንዱ የመንግሥቱ የራሱ ኩባንያ ስታቶይል ነው (ዛሬ ኢኩኖር ይባላል)። ስታቶይል በሰሜን ባሕር ስሌይፕነር በሚባል ቦታ ጋዝ ሊያወጣ እየተዘጋጀ ነበር፤ ጋዙ ግን አንድ እንከን ነበረበት። ካርቦን ዳይኦክሳይድ ተቀላቅሎበታል፣ 9 በመቶ ገደማ። የአውሮፓ ገዢዎች ደግሞ ከ2.5 በመቶ በላይ ያለበትን አይቀበሉም። ስለዚህ ካርቦኑን መለየት የግድ ነው፤ ባይለይ ጋዙ አይሸጥም። ጥያቄው የተለየው ካርቦን የት ይሂድ የሚለው ነበር።

እስከዚያ ጊዜ የዓለም ልማድ አንድ ነው፤ ወደ ሰማይ መልቀቅ። ማን ይጠይቃል? አሁን ግን ግብሩ አለ። ሒሳብ ሠራተኞቹ ቁጭ ብለው ደመሩት፤ በዓመት 1 ሚሊዮን ቶን ገደማ ካርቦን፣ በቶን በዐሥሮች የሚቆጠር ዶላር። በየዓመቱ በዐሥሮች የሚቆጠሩ ሚሊዮን ዶላሮች ማለት ነው፤ ጋዙ እስኪያልቅ ድረስ። ኢንጂነሮቹ ደግሞ ከጋዙ በላይ፣ ከባሕሩ ወለል ግን በታች፣ ዩትሲራ የሚባል ጨዋማ ውኃ ያዘለ ሰፊ የአሸዋ ድንጋይ እንዳለ ያውቃሉ። ከላይ ጋዝ የማያሳልፍ ሸክላማ ድንጋይ ተጭኖታል። እንስራ ከነክዳኑ በሉት። ካርቦኑን ጨምቆ እዚያ ውስጥ መክተት ገንዘብ ያስወጣል፤ ግብሩን ከመክፈል ግን ያንሳል።

በ1996 መክተት ጀመሩ። አሜሪካኖች ቴክሳስ ውስጥ ከ1970ዎቹ ጀምሮ ካርቦን ወደ ምድር ይከቱ ነበር፤ እነሱ ግን የቀረ ዘይት ገፍቶ እንዲያወጣላቸው ነው። አየሩን ለማዳን ተብሎ በዚህ መጠን ካርቦን ሲቀበር ስሌይፕነር የመጀመሪያው ነው። በ20 ዓመት ውስጥ ከ16 ሚሊዮን ቶን በላይ ገባ። ተመራማሪዎች በድምፅ ሞገድ እየፈተሹ የከተቱት ካርቦን ከባሕሩ በታች የት የት እንደተዘረጋ በሥዕል ያያሉ።

ከዚህ ታሪክ የምወደው አንድ ነገር አለ፤ ጀግና የለውም። አንድም የኩባንያ አለቃ ሌሊት ተነሥቶ «ለልጅ ልጆቼ ምን ልተው?» ብሎ አላለቀሰም። ጭሱ ወጪ ሆኖ መዝገብ ላይ ሰፈረ፤ እንደ ማንኛውም ወጪ ሊቀንሱት ፈለጉ። ያው ነው።

ነገር ግን እዚህም ሒሳቡ ሙሉ አይደለም። ስታቶይል የቀበረው ከጋዙ ጋር ተቀላቅሎ የወጣውን ካርቦን ነው። ንጹሑን ጋዝ ግን ሸጠው፤ ጀርመን ያለው ቤት ምድጃው ላይ አቃጠለው። ያ ጭስ በማን መዝገብ ይጻፍ?

ይህ ጥያቄ የተመለሰው ዘግይቶ ነው። ቅድም ጓቲማላን ያማከረው ተቋም ከአንድ የኩባንያዎች ምክር ቤት ጋር ሆኖ በ2001 አንድ የሒሳብ አያያዝ ደንብ አወጣ። ደንቡ የኩባንያን ጭስ ሦስት ቦታ ይከፍላል። አንደኛ፣ በራሱ ግቢ የሚያቃጥለው፤ ቦይለሩ፣ ጄኔሬተሩ፣ መኪናው። ሁለተኛ፣ የሚገዛው ኤሌክትሪክ ሲመነጭ የወጣው። ሦስተኛ፣ የቀረው ሁሉ፤ ጥሬ ዕቃው ሲመረት፣ ሲጓጓዝ፣ ምርቱ ገዢው እጅ ላይ ሲቃጠል። ለብዙ ኩባንያ ትልቁ ያለው ሦስተኛው ላይ ነው፤ ሪፖርት ሲያወጡ ቶሎ የሚያልፉትም እሱኑ ነው። አንድ ኩባንያ «ልቀቴን በግማሽ ቀነስኩ» ሲላችሁ መጀመሪያ የምትጠይቁት «ከሦስቱ የትኛውን?» ብላችሁ ነው።

የአውሮፓ ኅብረት በ2005 የራሱን መንገድ ሞከረ፤ ለትልልቅ ፋብሪካዎች የጭስ ፈቃድ ማደልና ፈቃዱን እርስ በርስ እንዲሸጡ መፍቀድ። በመጀመሪያው ዙር ፈቃዱን በነፃ፣ ያውም ከሚያስፈልገው በላይ አደሉ። በ2007 ዋጋው ወደ ዜሮ ወረደ። ነፃ ነገር ማን ይቆጥባል? ሕጉን እያጠበቁ፣ የሚታደለውን እየቀነሱ ሲመጡ ግን በ2023 መጀመሪያ ላይ አንድ ቶን 100 ዩሮ ነካ። በዚህ መሐል ከሰል የሚያቃጥሉ የአውሮፓ ማመንጫዎች በብዛት ተዘጉ።

*

አሁን ዴንማርክ እንሂድ። ይህኛው ኩባንያ ሥራውን ራሱን የቀየረ ስለሆነ ትንሽ እንቆይበት።

ዶንግ የዴንማርክ መንግሥት ዘይትና ጋዝ ኩባንያ ነበር። በ2006 ከሌሎች አምስት የኃይል ድርጅቶች ጋር ተዋህዶ ግዙፍ ሆነ። ከሚያመነጨው ኃይልና ሙቀት 85 በመቶው ከከሰልና ከመሰል ነዳጅ ነው። የአገሪቱ ልቀት ሲሶ ገደማ ከእሱ ይወጣል ይባል ነበር። በውህደቱ ግን እንደ ጥሎሽ የመጣለት አንድ ነገር አለ፤ ባሕር ላይ የተተከሉ የነፋስ ተርባይኖች። ዴንማርኮች ቪንደቢ በሚባል ቦታ በ1991 ዐሥራ አንድ ተርባይን ባሕር ውስጥ ተክለው ነበር፤ በዓለም የመጀመሪያው ነው። ሁሉም ተደምረው 5 ሜጋዋት አይሞሉም። ቀልድ የሚመስል ነገር ነው።

በዚያ ጊዜ ዶንግ ሰሜን ጀርመን፣ ግራይፍስቫልድ አጠገብ ትልቅ የከሰል ማመንጫ ሊሠራ ብዙ ርቀት ሄዶ ነበር። የአካባቢው ሰው ግን እምቢ አለ። ተሰለፈ፣ ከሰሰ፣ ፊርማ አሰባሰበ። ኩባንያው የፈለገውን ያህል ቢያባብልም አልሆነም፤ በዲሴምበር 2009 ዕቅዱን ጣለው። በዚሁ ወር የዓለም መሪዎች ለአየር ንብረት ጉባኤ ኮፐንሃገን ተሰብስበው ነበር። መሪዎቹ ያን ያህል ነገር ሳይዙ ተበተኑ፤ የኩባንያው አለቆች ግን ከጀርመኖቹ እምቢታ ትምህርት ወስደዋል። የወደፊቱ ከሰል ማመንጫ በየሄደበት እንዲህ ከተቀበሉት ንግድ አይሆንም። 85 በመቶ ከሰልና መሰሉ የነበረውን ገልብጠው 85 በመቶ ታዳሽ ለማድረግ ወሰኑ፤ የሰጡትም ቀነ ገደብ 2040 ነው። አንድ ትውልድ ማለት ነው።

የፈጀባቸው 10 ዓመት ገደማ ነው። በ2019 ደረሱበት።

እንዴት? አንደኛው ምክንያት ችግር ነው። በ2012 የጋዝ ንግዳቸው ከስሮ ዕዳቸው አበጠ። አዲስ ሥራ አስኪያጅ መጣ፤ የማያዋጣውን ሸጦ ገንዘቡን ሁሉ ባሕር ላይ ነፋስ ውስጥ አስገባ። ሁለተኛው መንግሥት ነው። የዴንማርክም የእንግሊዝም መንግሥታት ባሕር ላይ ለሚመነጭ ኤሌክትሪክ ለዓመታት የማይናወጥ ዋጋ ዋስትና ሰጡ፤ ባንክ ያበደረው በዚያ ዋስትና ነው። ሦስተኛው ድግግሞሽ ነው። አንዱን ፓርክ እንደ ሌላው፣ በተመሳሳይ መርከብ፣ በተመሳሳይ ሠራተኛ እየሠሩ ዋጋውን አወረዱት። በ2017 የዘይትና ጋዝ ክፍሉን ኢኔዮስ ለሚባል ኩባንያ ሸጠው፣ ስማቸውንም በ1820 ኤሌክትሪክና ማግኔት ያላቸውን ዝምድና ባገኘው የአገራቸው ሰው ስም ኧርስቴድ አሉት። የመጨረሻውን የከሰል ማመንጫቸውን ያቆሙት በ2024 ነው።

ደስ የሚል ታሪክ ነው፤ ግን እንደ ጋዜጠኛ ሁለት ነገር ልጨምር። የተሸጡት የዘይትና የጋዝ ጉድጓዶች አልተዘጉም። ባለቤት ቀየሩ እንጂ መፍሰሳቸውን ቀጠሉ፤ ጭሱ ከአንዱ መዝገብ ወደ ሌላው ዞረ። ከከሰል ወደ «ታዳሽ» ከዞሩት ማመንጫዎች አንዳንዶቹም የሚያነዱት እንጨት ነው፤ እንጨት ማንደድ ምን ያህል ንጹሕ ነው የሚለው ክርክር ዛሬም አልበረደም። በዚያ ላይ በ2023 ወለድ ሲንርና የዕቃ ዋጋ ሲወደድ አሜሪካ ውስጥ የያዛቸውን ሁለት ትልልቅ ፕሮጀክቶች ጥሎ በቢሊዮን የሚቆጠር ኪሳራ ዋጠ። ቢሆንም አንድ ከሰል አቃጣይ የገዛ እቶኑን አጥፍቶ በሌላ መኖር እንደሚችል አሳይቷል። ኤኢኤስ በ1988 መተው ያልፈለገውን የዚህ ኩባንያ ሰዎች ተዉት።

ስለ «ማስወገድ» ደግሞ በአጭሩ። አየር ላይ ያለውን ካርቦን በማሽን መልሶ መሳብ ይቻላል። ክላይምዎርክስ የሚባል የስዊስ ኩባንያ አይስላንድ ውስጥ በ2021 የከፈተው ጣቢያ በዓመት 4 ሺህ ቶን ስቦ ከድንጋይ ጋር እንዲያዋህድ የተሠራ ነው። ስሌይፕነር በዓመት 1 ሚሊዮን ቶን ገደማ መሆኑን አስታውሱ። ልዩነቱ ግልጽ ነው፤ ስሌይፕነር ካርቦኑን ሳይበተን በቧንቧ ይይዘዋል፣ አይስላንዶቹ ግን አየር ላይ የፈሰሰውን ይለቅማሉ። ጤፍን ከጎታ መስፈርና ከመንገድ ላይ መልቀም አንድ አይደለም። ለአንድ ቶን በመቶዎች የሚቆጠር፣ አንዳንዴም ከ1 ሺህ በላይ ዶላር ያስወጣል። እንዲህ ያለውን አገልግሎት ከሚገዙት ትልቁ ማይክሮሶፍት ነው። በ2020 ተነሥቶ ከተመሠረተበት ከ1975 ጀምሮ ያወጣውን ካርቦን ሁሉ እስከ 2050 መልሶ እንደሚያስወግድ ቃል ገባ። ከአራት ዓመት በኋላ ባወጣው ሪፖርት ግን ልቀቱ 29 በመቶ ገደማ መጨመሩን ራሱ አመነ። ምክንያቱ የኮምፒውተር ማእከላት ግንባታ ነው። በአንድ እጅ እየለቀሙ በሌላው መዝራት።

*

አገራችንም በዚህ ታሪክ ውስጥ አለች፤ ያውም ቀድማ። ወላይታ፣ ሁምቦ።

የሁምቦ ተራራ በ2000ዎቹ መጀመሪያ የተላጠ ነበር። ማገዶና ከሰል ሲቆረጥለት ኖሮ አልቋል። በ2006 ወርልድ ቪዥን ከአካባቢው ሕዝብ ጋር የጀመረው ሥራ አንድ ልዩ ነገር ነበረው፤ በአመዛኙ ችግኝ አልተከሉም! ቶኒ ሪናውዶ የሚባል አውስትራሊያዊ በ1980ዎቹ ኒጀር ውስጥ ያስፋፋው ዘዴ ነው። ከመሬቱ በታች የተቆረጡት ዛፎች ሥር አልሞተም። ጉቶው በየዓመቱ ያቆጠቁጣል፤ ከብት ይግጠዋል፣ ሰው ይቆርጠዋል። ከብቱን አግዶ፣ ከሚያቆጠቁጠው ጠንካራውን መርጦ፣ ሌላውን መመልመል በቂ ነው። በዚህ መንገድ 2,728 ሄክታር ደን ተመለሰ። ሰባት የኅብረት ሥራ ማኅበራት ተቋቁመው በደኑ ላይ መብት ተሰጣቸው። ሣሩን እያጨዱ ለከብቶቻቸው ይወስዳሉ፣ ምልምሉን ለማገዶ ይጠቀማሉ።

በ2009 መጨረሻ ፕሮጀክቱ በተባበሩት መንግሥታት የካርቦን ሽያጭ ሥርዓት ተመዘገበ፤ በአፍሪካ በዓይነቱ የመጀመሪያው ትልቅ የደን ፕሮጀክት ነው። በ30 ዓመት 880 ሺህ ቶን ካርቦን ይይዛል ተብሎ ተሰላ፤ ከዚያ ውስጥ 165 ሺህ ቶኑን የዓለም ባንክ የሚያስተዳድረው ፈንድ ሊገዛ ተስማማ። ማኅበራቱ ቢያንስ በ10 ዓመት ውስጥ ያገኙታል የተባለው ከ700 ሺህ ዶላር በላይ ነው። አካፍሉት፤ ለአንድ ቶን ከ4 ዶላር ትንሽ ከፍ ይላል። በዚያው ጊዜ የአውሮፓ ፋብሪካ ለአንድ ቶን የጭስ ፈቃድ ከ10 ዩሮ በላይ ይከፍል ነበር።

ለምን ረከሰ? የአውሮፓ ገበያ የደን ክሬዲት አልቀበልም ስላለ ነው። የተባበሩት መንግሥታት ሥርዓትም ቢሆን ለደን የሚሰጠውን ክሬዲት «ጊዜያዊ» ብሎ ነው የመዘገበው፤ ቀኑ ሲደርስ ይቃጠላል። ማለት፣ ዛፍ አፉ ያልታሰረ ስልቻ መሆኑን ሕጉ ራሱ ያውቃል።

እዚህ ላይ እንዳትሳሳቱብኝ። የሁምቦ ደን በራሱ ትልቅ ነገር ነው። አፈሩን ያዘ፣ ሣር ሰጠ፣ ወላይቶች ተራራቸውን መልሰው አገኙ። ካርቦን ባይሸጥም መሠራት የነበረበት ሥራ ነው። የእኔ ቅሬታ ሻጩ ላይ አይደለም፤ ጭሱን ሳይነካ በ4 ዶላር «ንጹሕ ነኝ» ብሎ ሊመለስ የሚፈልግ ገዢ ላይ ነው። ዛሬም የካርቦን ደላሎች ከአፍሪካ መንግሥታት ጋር በሚሊዮን ሄክታር እየተዋዋሉ ነው። ውሉን የሚያነብ ሰው ዋጋውን ብቻ ሳይሆን ገዢው ቤቱ ምን እያደረገ እንደሆነም ቢጠይቅ ያስኬዳል።

*

ወደ ራሳችን ፋብሪካዎች ስንመጣ አንድ ዕድል አለን። ኤሌክትሪካችን ከሞላ ጎደል ከውኃና ከነፋስ ስለሆነ ከሦስቱ የሒሳብ ክፍሎች ሁለተኛው ባዶ ነው ማለት ይቻላል። የፋብሪካ ጭስ ያለው ቦይለሩ፣ ጄኔሬተሩና የጭነት መኪናው ላይ ነው። ስለዚህ ዋናው ሥራ በነዳጅ የሚሠራውን ወደ ኤሌክትሪክ ማዞር ነው። ይህን ስል መብራት በቀን ሦስት ጊዜ የሚጠፋበት የፋብሪካ ባለቤት እየሳቀብኝ እንደሆነ አውቃለሁ። ልክ ነው። አስተማማኝ መብራት በሌለበት ጄኔሬተሩን አጥፋ ማለት አይቻልም። የአውሮፓ ፋብሪካ ያላገጠመው፣ የእኛ ግን በየቀኑ የሚያጋጥመው ጣጣ ይኸው ነው።

ሲሚንቶ ግን ከሁሉም የከበደ ነው። የኖራ ድንጋይ 1,450 ዲግሪ በሚደርስ እቶን ውስጥ ሲጋገር ከነዳጁ ጭስ ሌላ ድንጋዩ ራሱ ካርቦን ይተፋል፤ ለአንድ ቶን ክሊንከር ከድንጋዩ ብቻ ከ500 ኪሎ በላይ። እቶኑን በፀሐይ ብታሞቁትም ይህ አይቀርም። ማምለጫው ክሊንከሩን ማሳነስ ነው። ቤት የሠራችሁ ሰዎች «ኦፒሲ» እና «ፒፒሲ» የሚባሉትን ታውቃላችሁ። ፒፒሲ ውስጥ እስከ ሲሶ የሚደርሰው ከስምጥ ሸለቆ የሚመጣ ፑሚስ ነው፤ እሳተ ገሞራ የተፋው ቀላል ድንጋይ። ጥንት ሮማውያን ከኔፕልስ አጠገብ ካለው ፖዙዎሊ ያመጡ የነበረው ዓይነት ነው፤ «ፖዞላና» የሚለው ስም የመጣው ከዚያ ነው። ፑሚስ በዚያ እቶን መጋገር አይፈልግም። ስለዚህ ፒፒሲ የሚያመርት ፋብሪካ ሳያስበው የካርቦን ልቀቱን ቀንሷል። ያደረገው ለአየር ንብረት ሳይሆን ፑሚስ ከክሊንከር ስለሚረክስ ነው።

ያው የዋጋ ጉዳይ ወደ ሌላኛውም አቅጣጫ ይገፋል። የዓለም ነዳጅ ሲወደድ በርካታ የሲሚንቶ ፋብሪካዎቻችን ከከባድ ጥቁር ናፍጣ ወደ ድንጋይ ከሰል ዞሩ። ከሰል ይረክሳል፤ ጭሱ ግን ይብሳል። ወቀሳ አልወቅሳቸውም። ጭስ በመዝገባቸው ላይ ዋጋው ዜሮ ስለሆነ ሒሳባቸው ትክክል ነበር።

ከጃንዋሪ 2026 ጀምሮ የአውሮፓ ኅብረት ከውጭ በሚገቡ ሲሚንቶ፣ ብረት፣ አሉሚኒየምና ማዳበሪያ ላይ የካርቦን ክፍያ ማስላት ጀምሯል። ለእኛ ይህ ገና የሩቅ ነገር ነው፤ ለአውሮፓ ሲሚንቶ አንልክም። ጨርቅም ዝርዝሩ ውስጥ የለም። የጨርቅ ገዢዎች ግን ሕጉን አልጠበቁም። የሦስተኛውን ክፍል ሒሳብ እንዲያሳዩ እነሱም እየተጠየቁ ስለሆነ ጥያቄውን ወደ አቅራቢዎቻቸው አውርደውታል።

ይህን ያወቅሁት በቅርቡ ነው። ይህን ጽሑፍ ስጀምር ወደዚያ ወደ ጨርቃ ጨርቅ ፋብሪካ ደወልኩ። ፎቶግራፍ ያሳዩኝ ሰው ጡረታ ወጥተዋል። የአንዲት ወጣት ኢንጂነር ስልክ ሰጡኝ። የድሮውን ጥያቄዬን ጠየቅኋት፤ ቦይለሩ በዓመት ስንት ሊትር ያቃጥላል? ሳታመነታ «በወር በወር አለኝ» አለችኝ። እንፋሎት የሚያፈሱ ቧንቧዎችን ማሸግ መጀመራቸውን፣ ከማጠቢያው የሚወጣውን ሙቅ ውኃ መልሰው ለማሞቂያ መጠቀማቸውን፣ ሁለተኛውን ቦይለር በኤሌክትሪክ ለመቀየር ዋጋ እያስጠኑ መሆኑን ነገረችኝ። መቁጠር የጀመሩት ከሁለት ዓመት በፊት ነው፤ ገዢው ቅጽ ልኮ «ካልሞላችሁ ትዕዛዝ የለም» ሲላቸው።

«ስለ ችግኝ ቅጹ ላይ ይጠይቃል?» አልኳት።

«ቦታ የለውም» አለች እየሳቀች።

ቁጥሩን እንድትነግረኝ ለመንኳት። አልነገረችኝም። ለገዢው እንጂ ለጋዜጠኛ እንዲሰጥ አልተፈቀደም።